በጥር ወር ሚኒያፖሊስ ለምትሄዱ

ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ትኖራለች። አምና በታህሳስ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት አራሷን ለመንከባከብ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ሳምንት ግን እህቴ ሕፃኗን ታቅፋ የእኔን እግር ስታስታምም ነው ያለፈው። የግራ እግሬ ሦስት ጣቶች በብርድ ተጎድተው ነበር።

ዛሬ ድኛለሁ። ግን በቀላሉ ላመልጠው የምችለው ጉዳት ስለነበር ልጽፈው ወሰንኩ። በየዓመቱ ስንት እናትና እህት እንደ እኔ አራስ ልትጠይቅ፣ የልጅ ልጅ ልታይ ወደዚያ አገር ትሄዳለች። ከእነሱ አንዷ እንኳ ይህን አንብባ ጫማዋን ብትቀይር ደስ ይለኛል።

ከመሄዴ በፊት ሁሉም ሰው "ብርድ ነው፣ ተጠንቀቂ" ብሎኛል። እኔ ደግሞ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያድር እያየሁ ነው ያደግኩት። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ እጃችንን በአፋችን እያሞቅን ነበር። ስለዚህ "ብርድማ አውቃለሁ" አልኩ። ትልቁ ስህተቴ እዚህ ጋ ጀመረ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የሚኒያፖሊስ ብርድ ፀሐይ ወጥታም አይሄድም። እንዲያውም ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ቦግ ያለችበት ቀን ብዙ ጊዜ የባሰው ነው። ነገሩን ሳስበው በእኛም አገር ውርጭ የሚጥለው ሰማይ ጥርት ባለ ሌሊት ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው። ይህን እያወቅኩ እዚያ ስደርስ ረሳሁት። በመስኮት ፀሐይዋን አይቼ "ዛሬስ ደህና ነው" እያልኩ የወጣሁባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም።

ካፖርቴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ በስስ ሹራብ ነው አውሮፕላን የገባሁት። ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ስቀይር ሻንጣዬ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ። እናንተ ካፖርታችሁን፣ ኮፍያችሁን፣ ጓንታችሁንና ወፍራም ካልሲያችሁን በእጃችሁ ያዙ። አውሮፕላን ውስጥ ይከብዳል፣ ይሞቃል። ግድ የለም።

ከኤርፖርቱ በር እስከ መኪናው ያለው መንገድ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በሩ ተከፍቶ የመጀመሪያውን አየር ስስብ አፍንጫዬ ውስጥ አንድ ነገር ተጣበቀ። የአፍንጫዬ ፀጉር በረዶ ሆኖ ነው። ሳል ጀመረኝ። የእህቴ ባል "እታለም፣ በአፍሽ አትተንፍሺ፣ በሻርፕሽ ውስጥ ተንፍሺ" አለኝ። ይህቺ ምክር እስከ መጨረሻው ጠቅማኛለች። አስም ያለበት ሰው ደግሞ በደንብ ይያዛት።

በማግስቱ ቲቪ ላይ የአየሩን ሁኔታ አየሁ። "10" ይላል። አስር ዲግሪ! አዲስ አበባ በኅዳር ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል። እህቴን "ይሄን ነው እንዴ እንዲህ የምታካብዱት?" አልኳት። እሷ ሕፃኗን እያጠባች ስለነበር ፈገግ ብላ ዝም አለች። እኔም አልጠየቅኩም። አሜሪካኖች የሚቆጥሩት በፋራናይት ነው። በእነሱ ቆጠራ ውሃ በረዶ የሚሆነው 32 ላይ ነው። የእነሱ 10 በእኛ 12 ከዜሮ በታች ማለት ነው። የእነሱ ዜሮ በእኛ 18 ከዜሮ በታች ነው። ለግምት ያህል ከነሱ ቁጥር ላይ 30 ቀንሱና ለሁለት አካፍሉት። በጣም ትክክል አይደለም፣ ግን ካፖርት ለመምረጥ ይበቃል። ሁለቱ ቆጠራዎች የሚገናኙት 40 ከዜሮ በታች ላይ ነው። ያቺ ከተማ በጥር 1888 እ.ኤ.አ. እዚያም ደርሳ ታውቃለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ በእኛ ቆጠራ ወደ 33 ከዜሮ በታች ወርዶ ፖስታ የሚያድሉት ሠራተኞች ሳይቀሩ ሥራ አቁመው ነበር።

ከዲግሪው ሌላ አንድ ቁጥር አለ። ነፋሱ ሲጨመርበት ሰውነት ላይ የሚሰማው ብርድ ነው። ስልኩ ላይ ከዋናው ቁጥር ሥር ይጻፋል። እኔ የማየው የላይኛውን ብቻ ነበር። እናንተ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የታችኛውን እዩ። በፋራናይት ዜሮ ሆኖ በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት ይቀድማሉ።

የእህቴ ባል በመጣሁ በሦስተኛው ቀን "ቡትስ እንግዛልሽ" አለኝ። ዋጋውን ጠየቅኩ። 150 ዶላር አለኝ። በልቤ ወደ ብር መነዘርኩት። ለሁለት ወር ብዬ? ልጅ ወልደዋል፣ ወጪ አለባቸው። "ኧረ የራሴ ጫማ ይበቃኛል፣ ቤት ውስጥ ነኝ እኮ" አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ እንቢ አልኩ። እህቴም የራሷን ቡትስ አውጥታ ሰጠችኝ። "አንቺ ምን ልታደርጊ ነው?" ብዬ መለስኩላት። አራስ ናት፣ የትም አትወጣም ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ጫማዬ ከመርካቶ የገዛሁት ጥሩ የቆዳ ጫማ ነው። ሶሉ ስስ ነው።

በስምንተኛው ቀን የገብስ ዱቄት አለቀ። ለአራሷ ገንፎ ላገንፋላት ፈለግኩ። እሷ ተኝታለች። ባሏ ሥራ ነው። የሐበሻ ሱቁ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ ነው። ከባሏ ጋር አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ቲቪው 10 ብሏል። ፀሐይ አለች። እንዳይበርደኝ ብዬ ሦስት ካልሲ ደራረብኩ። ጫማው ጠበበኝ። በግድ አስገባሁት። ራሴ ላይ ነጠላዬን ጣል አደረግኩ።

መሄጃው ደህና ነበር። ዱቄቱን ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ሰው አግኝቼ ትንሽ ተጫወትኩ። ስወጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። በጥር እዚያ የምትጠልቀው ገና በእኛ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ነፋስ ተነስቷል። አውቶቡሱን በዓይኔ እያየሁት ሄደ። ልሮጥ ስል መንገዱ ጠርዝ ላይ ጠንካራ በረዶ መስሎኝ ረገጥኩ። ከሥሩ ውሃ ነበር። መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበትኑ በረዶው ከሥር ይቀልጣል። ላይ ላዩ ነጭ ሆኖ ይታያል። የግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ።

በዚያች ቅጽበት ወደ ሱቁ ልመለስ እችል ነበር። ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ገብቼ "እግሬ ረጥቧል፣ እስኪደርቅ ልቀመጥ" ማለት ብቻ ነው። የሐበሻ ሱቅ ነው፣ ወንበር ስበው፣ ሻይ አፍልተው ይሰጡኝ ነበር። አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ነው። "አሁን ከወጣሁበት ደግሜ ልግባ?" ብዬ አፈርኩ። ቀጣዩ አውቶቡስ በ30 ደቂቃ ይመጣል ይላል። መጠለያው ውስጥ ቆምኩ። ወደ እህቴ ልደውል ስልኬን ሳወጣ ጠፋ። ባትሪው 40 በመቶ ነበረው። ብርድ የስልክ ባትሪ እንደሚገድል አላውቅም ነበር። ስልካችሁን በውጭ ኪስ አትያዙ። ከውስጥ፣ ከገላችሁ አጠገብ ያዙት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ጣቶቼን በመርፌ እንደመውጋት አደረጋቸው። ከዚያ አቃጠላቸው። እሳት ላይ የቆምኩ መሰለኝ። እግሬን እያነሳሁ መሬቱን መታሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ሕመሙ ተወኝ። ጭራሽ ጠፋ። "ተመስገን፣ ለመድኩት" አልኩ። እንዲያውም ጥሩ ስሜት ተሰማኝ። ለካ ያን ጊዜ ነው አደጋው የጀመረው። በብርድ ውስጥ ሕመም ሲጠፋ መዳን አይደለም። ሥጋው ደንዝዞ ነው። የሚያማችሁ ከሆነ ገና ጊዜ አላችሁ። ማመሙን ካቆመ ግን የትም ይሁን የት፣ የማንም በር ይሁን፣ አንኳኩታችሁ ግቡ።

አውቶቡሱ ዘገየ። ከ40 ደቂቃ በላይ የቆምኩ ይመስለኛል። በመጨረሻ አንዲት የሶማሌ እናት መጡ። እድሜያቸው ከእናቴ ይቀራረባል። ሂጃባቸው ላይ ወፍራም ኮፍያ፣ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ካፖርት፣ ትልቅ ቡትስ አድርገዋል። አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ወደ መጠለያው ግድግዳ ሄደው አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ጣሪያው ላይ ያለው ብረት ቀስ እያለ ቀላ። ሙቀት ወረደብን። ያ ሁሉ ጊዜ ማሞቂያው ከራሴ በላይ ነበር! አንዳንዶቹ የአውቶቡስና የባቡር መጠለያዎች እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ አላቸው። ቁልፉን ካልተጫናችሁት ግን አይሠራም፤ ትንሽ ቆይቶም ራሱ ስለሚጠፋ ደግማችሁ መጫን ነው።

እኚያ እናት ጫማዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላዬን ሳብ አድርገው ጆሮዬ ላይ አጠበቁልኝ። ከኪሳቸው ሻይ ከረጢት የምታክል ነገር አውጥተው በእጄ አስጨበጡኝ። ከማሸጊያዋ ስትወጣ ራሷ የምትሞቅ ከረጢት ናት። ርካሽ ናት፣ በየሱቁ አለች፣ ለሰዓታት ትሞቃለች። እኔና እሳቸው አንድም የጋራ ቃል አልነበረንም። ስማቸውን እንኳ አላወቅኩም። ሳስባቸው አሁንም እመርቃቸዋለሁ።

ቤት ስደርስ እህቴ እንዳትደነግጥ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ካልሲውን ሳወልቅ ሦስቱ ትናንሽ ጣቶቼ እንደ ጧፍ ነጥተዋል። ስነካቸው ጠንካራ ናቸው። የሰው ጣት የነካሁ መሰለኝ። እዚህ ጋ ሌላ ስህተት ሠራሁ። የሚያቃጥል ውሃ ከፍቼ እግሬን ነከርኩ። ስለደነዘዘ ሙቀቱ አልተሰማኝም። ከዚያ ደሙ እንዲመለስ ብዬ በኃይል አሸሁት። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ መጣ። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ እንደዚያ ዓይነት ሕመም ግን አላውቅም። ፎጣ ነክሼ ነው ያሳለፍኩት። እህቴ "ምነው ቆየሽ?" ስትል "ደህና ነኝ፣ ገንፎ ላገንፋልሽ ነው" አልኳት። አገንፍቼም አበላኋት።

ጠዋት ጣቶቼ ውሃ ቋጥረዋል። ካልሲ አድርጌ ሸፈንኩት። ከፎቅ በታች የሚኖሩ የጎንደር እናት አሉ። ሃያ ዓመት በላይ እዚያ ኖረዋል፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ይሠራሉ። አራሷን ሊጠይቁ መጥተው እያነከስኩ ቡና ሳቀርብ አዩኝ። "እስቲ ልጄ ካልሲሽን አውልቂ" አሉ። "ምንም አይደለም" አልኩ። "አውልቂ አልኩሽ" አሉ። አይተው ዝም አሉ። ከዚያ እህቴን ጠርተው አሳዩአት። እህቴ አለቀሰች። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን እየለበሱ "ይሉኝታ እዚህ አገር እግር ያስቆርጣል" አሉኝና ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ነርሷ እያጸዳችኝ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰውነት በጣም ሲበርደው ልብንና አንጎልን ለማዳን ደሙን ከእጅና ከእግር ጣት ይሰበስባል። ጣት ደም ሲያጣ ይቀዘቅዛል፣ ከባሰም ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። ፍሮስትባይት የሚሉት ይህ ነው። እርጥብ ካልሲ ነገሩን ያፋጥነዋል። ሦስት ካልሲ ደራርቤ ጫማዬን ማጥበቤ ደግሞ ደሙ እንዳይወርድ አንቆ ያዘው። ያሞቀኛል ያልኩት ነው የጎዳኝ። ውሃ የቋጠረው ንጹሕ ፈሳሽ በመሆኑ ጉዳቱ ጥልቅ አይደለም አለችኝ። ደም የቋጠረ ቢሆን ኖሮ ያሳስብ ነበር። የቴታነስ ክትባት ወጉኝ፣ በጣቶቼ መካከል ፋሻ አደረጉልኝ፣ እንዳልረግጥ አዘዙኝ።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝም ነገረችኝ። እርጥቡን ማውለቅ። እግሩን ለብ ባለ ውሃ መንከር፣ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሕፃን የምናጥብበትን ውሃ በክርናችን እንደምንለካው ማለት ነው። የደነዘዘውም እግር ስለማይለይ ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ጣቱ ቀልቶ እስኪለሰልስ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት። ማሸት ፈጽሞ አይገባም፣ በበረዶ ማሸትም የባሰ ነው። ማሞቂያ ላይ ወይም እሳት አጠገብ ማድረግ አይገባም። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ተመልሳችሁ ብርድ ላይ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ቦታ እስክትደርሱ አታሙቁት። ሞቆ እንደገና ከቀዘቀዘ ጉዳቱ ይብሳል። ስኳር ያለባቸው፣ የደም ዝውውር ችግር ያለባቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። ስኳር ያለባት እናት ካለቻችሁ ከእሷ እግር ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ስለ ገንዘቡ። ወዲያው ሐኪም ቤት ያልሄድኩት አንድም ወጪውን ፈርቼ ነው። ግን ከመምጣቴ በፊት እህቴ ጨቅጭቃኝ የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ገዝቼ ነበር። አብዛኛውን እሱ ከፈለ። ያለ እሱ ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። ያለ ኢንሹራንስ አትሂዱ። ስትገዙም አስቀድሞ ያለባችሁን በሽታ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። የትንሿ ጣቴ ቆዳ ጠቁሮ ተላጠ። ከሥሩ ሮዝ ቆዳ ወጣ። አሁን ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፣ ግን ብርድ አይችሉም። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ከሌሎቹ ቀድመው ይነግሩኛል።

ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ አለባበስ ተማርኩ። መጀመሪያ ገላ ላይ ልጥፍ የሚል ስስ የሱፍ ወይም ቴርማል የሚባለው ልብስ። ጥጥ አይሆንም። ጥጥ ላብ ይመጥና እርጥብ ሆኖ ይቀራል። በላዩ ወፍራም ሹራብ። በላዩ ነፋስ የማያስገባ፣ ከወገብ በታች የሚደርስ ጃኬት። ጓንት ስትገዙ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበትን ምረጡ፣ ጣት ከጣት ይሞቃል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ቡትሱ ውሃ የማያስገባ፣ ጣት እንደልብ የሚንቀሳቀስበት፣ ከተለመደው ቁጥራችሁ በግማሽ ወይም በአንድ የሚበልጥ ይሁን። ከዚህ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እዚያ ግዙ። ሚኒሶታ ውስጥ ልብስና ጫማ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም። ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ደግሞ ያልተነካ የሚመስል ቡትስ አለ። እኔ በኋላ 20 ዶላር የገዛሁት እስከ መጨረሻው አገለገለኝ። ያን ቀን 150 ዶላር ስሰማ "ርካሽ የለም?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ!

ቤቱ ውስጥም ጥንቃቄ አለ። ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ አፍንጫዬ ደማ፣ የበር እጀታ በነካሁ ቁጥር እንደ ኤሌክትሪክ ያነዝረኝ ነበር። ውሃ ሳይጠማችሁም ጠጡ። ቫዝሊን ከእጃችሁ አይለይ።

አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ቡና በከሰል ካልሆነ አይጥመኝም የምትሉ እናቶች አላችሁ። እዚያ አገር ቤቱ ብርድ እንዳይገባ ጥፍንግ ተደርጎ የተዘጋ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ፣ ጋራዥ ውስጥም ቢሆን። የከሰል ጭስ ሰው ተኝቶ እንዳይነሳ እንደሚያደርግ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። የመኪናም ጭስ ያው ነው። መኪና በረዶ ውስጥ ከቆመ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ዞራችሁ እዩ። ዕጣኑንም ቀነስ አድርጉ፣ የጭስ መጠቆሚያው ጮሆ ሕፃኑን ይቀሰቅሳል።

አረማመድም ይለወጣል። አስፋልቱ እርጥብ መስሎ ጥቁር ሆኖ ካብረቀረቀ ያ በረዶ ነው። ዳክዬ እንደምትሄደው አጭር አጭር፣ እግርን ሙሉውን እያሳረፉ መሄድ ነው። እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድ አይገባም፣ ስትወድቁ መደገፊያ ታጣላችሁ።

እግሬ ሲሻለኝ ከተማዋን ማየት ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኳት። መሃል ከተማው ውስጥ ሕንፃዎቹ በሁለተኛ ፎቅ ላይ በመስታወት ድልድይ ተገናኝተዋል። ስካይዌይ ይሉታል። ሁሉም ሲደመር ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከታች ሰው በውርጭ ሲሮጥ እናንተ በሹራብ ከሱቅ ሱቅ ትሄዳላችሁ። ማታና ቅዳሜና እሁድ አንዳንዱ በር ስለሚዘጋ ግን ካፖርታችሁን አትተዉ። ሚኔሃሃ የሚባለውን ፏፏቴም አየሁ። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ በረዶ ሆኗል። ከገደሉ ጫፍ የወረደው ውሃ ልክ እንደ ሰም ሰማያዊ እያለ ተንጠልጥሏል። ጠጋ ስል ከውስጡ፣ ከበረዶው ጀርባ፣ ውሃው ሲወርድ ይሰማል። እዚያ ቆሜ ስለ ጣቶቼ አሰብኩ።

ጥምቀትን ከሐበሻው ጋር አከበርኩ። ጃንሜዳን የለመደ ሰው እዚያ ሲያከብር ሆድ ይብሰዋል። ነጭ ለብሰን፣ ከነጭ ልብሳችን ሥር ቴርማል ለብሰን፣ በሩ ላይ ቡትስ እንደ ክምር ተደርድሮ ነበር። ጠበሉ ሲረጭ ሁሉም እልል አለ። ከዚያ እናቶቹ የልጆቹን ፀጉር በፎጣ እያደረቁ ኮፍያ ሳያጠልቁ አንድም ልጅ አላስወጡም። እኔንም እኚያው የጎንደር እናት ያዙኝና "ፀጉርሽ ደርቋል?" ብለው በእጃቸው ዳሰሱኝ።

ስለ ጨለማውም ላንሳ። ፀሐይ በእኛ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያለምክንያት ማልቀስ ጀመርኩ። የእግሬ ሕመም መስሎኝ ነበር። እህቴ "ሁላችንም ስንመጣ እንዲህ ሆነን ነበር" አለችኝ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ሥር ወንበር አደረገችልኝ። ሕፃኗን ታቅፌ እዚያ እቀመጥ ነበር። ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ቤት ዘግተው የሚቀመጡ እናቶች ካሏችሁ፣ በቀን አንድ ጊዜ አልብሳችሁ አስወጧቸው፣ ሰው አገናኟቸው።

መጋቢት ላይ ስመለስ ቡትሴን፣ ጃኬቴንና ጓንቴን አጥቤ እህቴ ቤት በር ሥር አስቀመጥኩ። ዘንድሮ በጥር የባሏ እናት ከወልዲያ ሊሄዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። ሰላምታውን ሳንጨርስ "እናቴ፣ የእግርዎ ቁጥር ስንት ነው?" አልኳቸው። "ኧረ ተይኝ ልጄ፣ ለሁለት ወር ብዬ" አሉ። "እንደሱ አይበሉ፤ ቁጥሩን ይንገሩኝ" አልኳቸው። 38 ነው። የእኔም 38 ነው።